ነጋሪት የዋጠው አምባዛና ሦስቱ ጉርሻዎች

«ተረት ተረት!»

«የመሠረት!»

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? ይህን ተረት በሰለለ ድምፅ አልጀምረውም። እንደገና! ተረት ተረት!

«የመሠረት!»

እንዲህ ነው እንጂ! አሁን ጠጋ ጠጋ በሉ። የሚደነግጥ ልጅ ካለ የጎረቤቱን እጅ ይያዝ። እኔ ራሴ ይህን ተረት ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ፤ ዛሬም ሳወራው ክው እላለሁ።

በድሮ ጊዜ፣ በአንድ ትልቅ ሐይቅ አጠገብ፣ ደንገል ዳር የምትባል መንደር ነበረች። ሰዎቿ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ታንኳቸውን ደንገል ከሚባለው የውኃ ሣር አስረው ይሠራሉ፣ ጧት ውኃ ላይ ይወጣሉ፣ ረፋድ ላይ ዓሣ ይዘው ይመለሳሉ።

በዚያች መንደር ሁለት ሴቶች በአንድ ጎጆ ይኖሩ ነበር። አንደኛዋ ትርንጎ ትባላለች። ሁለተኛዋ አማቷ ናቸው፤ እማማ ስንዱ ይባላሉ። የትርንጎ ባል፣ የእማማ ስንዱ አንድ ልጅ ማለት ነው፣ በንዳድ በሽታ ሞቷል። ከዚያ በኋላ ትርንጎ ከእማማ ስንዱ ሌላ፣ እማማ ስንዱም ከትርንጎ ሌላ ሰው አልነበራቸውም።

ትርንጎ የሐይቁን ዳር ጭቃ እየቆፈረች ትል ታወጣለች። አጥማጆቹ ትሉን መንጠቆ ላይ ይሰኩታል፤ ለእሷም ከያዙት ዓሣ ያካፍሏታል። እማማ ስንዱ ደግሞ የመንጠቆ ገመድ ይገምዳሉ። እሳቸው የገመዱት ገመድ ተበጥሶ አያውቅም።

ታዲያ ሁለቱ አይነጋገሩም ነበር! «እሳቱ ጠፋ»፣ «ውኃው አለቀ» ይባባላሉ። ከዚያ በኋላ ዝም። ሰባት ዓመት ሙሉ ዝም!

በምን ተጣሉ አትሉኝም? በአንድ ጉርሻ።

ትርንጎ የተዳረች ቀን እማማ ስንዱ ተነሥተው አጎረሷት። አንድ። ሁለተኛውን ሊጠቀልሉ እጃቸውን ወደ ገበታው ሲሰዱ ከሐይቁ ነፋስ ተነሣና ዳሱን ገነጠለው። ሰው ሁሉ ምሰሶ ሊይዝ ሮጠ። ሙሽራዋም ሮጠች። ዳሱ ተመልሶ ሲቆም ሁለተኛው ጉርሻ ተረስቶ ነበር።

አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ይህን እናንተም ታውቃላችሁ። ሁለተኛው ያስታርቃል፣ ሦስተኛው ያፋቅራል ይባላል። ትርንጎ «በአንድ ያስቀሩኝ ቢጠሉኝ ነው» ብላ አሰበች። እማማ ስንዱ «ሁለተኛውን ሳትጠብቅ የተነሣችው ብትንቀኝ ነው» ብለው አሰቡ። አንዳቸውም ሌላዋን አልጠየቁም። አፍ ተሰጥቷቸው ሰባት ዓመት አለመጠየቅ! እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ወደ ሐይቁ እንመለስ።

በሐይቁ ውስጥ አንድ አምባዛ ነበር። አምባዛን የማታውቁ ልጆች ስሙ። አምባዛ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ነው። ቆዳው ልሙጥ ነው፣ አፉ ሰፊ ነው፣ በአፉ ዙሪያ ረጃጅም ጢም አለው። የዚያ ሐይቅ አምባዛ ግን ከሁሉ ይበልጥ ነበር። ጢሙ እንደ ታንኳ ገመድ ይወፍራል። አፉን ሲከፍት የጎጆ በር ያክላል። ይሁን እንጂ ማንንም አይነካም ነበር። የሐይቁ ወለል ላይ ተኝቶ ይኖራል።

ከሐይቁ በላይ፣ በኮረብታው ላይ፣ አንድ ንጉሥ ነበር። ይህ ንጉሥ ማወጅ ይወዳል። ጧት ያውጃል፣ ቀትር ላይ ያውጃል፣ ምሳ በልቶም ያውጃል። አንድ ትልቅ ነጋሪት ነበረው። ስለ ነጋሪቱም እንዲህ የሚል ሕግ አውጥቷል፦ «ነጋሪት ያለው ቃል አይታጠፍም። ቃሉን ያጠፈ ሰው፣ ንጉሥ እንኳ ቢሆን፣ አርባ ጅራፍ ይገረፋል!»

«ንጉሥ እንኳ ቢሆን» ያለው ለማሳመር ነው። ይደርስብኛል ብሎ አይደለም።

ከዕለታት አንድ ቀን ንጉሡ የሚታወጅበት ነገር አጣ። የብሱን ሁሉ አውጆበት ጨርሷል። «እንግዲህ ለሐይቁ ላውጅለት» አለና ነጋሪቱን አስጭኖ በታንኳ ወጣ። ነጋሪት መቺው ሁለት ዱላውን አነሣ። ድም! ድም! ድም!

«አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሐይቅ ውስጥ ያለ ዓሣ ሁሉ የንጉሥ ነው!»

አምባዛው ከተኛበት ነቃ። ወደ ላይ መጣ። ውኃው ተከፈለ። አፉን ከፈተና ነጋሪቱን፣ ዋጥ!

ነጋሪቱን ብቻ! መቺው ሁለት ዱላውን እንደያዘ ቀረ። የንጉሡ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ዳር ቆመው ያዩ የደንገል ዳር ሰዎችም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ይህም ሳያንስ፣ ከውኃው ሥር ምን ተሰማ? ድም! ድም! ድም! ነጋሪቱ በአምባዛው ሆድ ውስጥ ተመታ! ከዚያም ድምፅ መጣ።

«አዋጅ! አዋጅ! ንጉሡ አንድ አጎረሰኝና ዝም አለኝ! ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በሐይቁ ላይ ታንኳ አይንሳፈፍ!»

ዓሣ አወጀ! ወይ ጉድ! ዓሣ ሲያውጅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ንጉሡ ደግሞ ታንኳ ላይ ነው። ጅራፍ ያዡም አጠገቡ ቆሟል። ነጋሪት ያለው ቃል አይታጠፍም፤ ንጉሥ እንኳ ቢሆን! ንጉሡ ካባውን ሰብስቦ ውኃው ውስጥ ዘለለ። እስከ ደረቱ ሰጠመ። ጭቃ ለጭቃ እየተጎተተ ወደ ዳር ወጣ። አትሳቁ! በፊቱ የሳቀ አንድም ሰው አልነበረም።

«ይህን ዓሣ አጥምዱልኝ!» አለ ንጉሡ።

የመንደሩ ብረት ቀጥቃጭ ማረሻ የሚያክል መንጠቆ ሠራ። እማማ ስንዱ ክንድ የሚያክል ገመድ ገመዱ። የቀረው መንጠቆው ላይ የሚሰካው ነበር።

«ለአምባዛ ምን ይሰካል?» ብሎ ጠየቀ ንጉሡ።

«ትል ነው፣ ጃንሆይ» አሉ አጥማጆቹ።

«ትል? በንጉሥ መንጠቆ ላይ ትል? እኔ የምወደውን ስኩለት!»

ንጉሡ የሚወደው ሰንጋ ነበር። በማግሥቱ የሰባ ሰንጋ መጣ። ገላው ታጠበ፣ የከፋይ ልብስ ለበሰ፣ መንጠቆው ከልብሱ ላይ ታሰረለት። ከዳር ወደ ውኃው ተገፋ። አምባዛው መጣ። ዋጥ! ገመዱ ተጎተተ። መንጠቆው ባዶውን ወጣ።

ድም! ድም! ድም! «አዋጅ! አንድ አጎረሱኝና ዝም አሉኝ! ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከሐይቁ ዓሣ የሚያወጣ እጅ አይኑር!»

የደንገል ዳር ሰዎች ክው አሉ። ከዓሣ ሌላ ምን አላቸው? በዚያ ቀን በመንደሩ ጭስ ያልወጣባቸው ቤቶች ነበሩ።

«አንድ ያለው ሰንጋው ትንሽ ሆኖበት ነው» አለ ንጉሡ። «የሚጣፍጥ ነገር እንስጠው።»

በሦስተኛው ቀን የዐሥር ቀፎ ማር በአንድ ትልቅ ጋን ተሞላ። መንጠቆው በጋኑ ጆሮ ላይ ታሰረ። ጋኑ ወደ ውኃው ተንከባለለ። አምባዛው መጣ። ዋጥ! ከነጋኑ! መንጠቆው ባዶውን ወጣ።

ድም! ድም! ድም! «አዋጅ! ዛሬም አንድ አጎረሱኝና ዝም አሉኝ! ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከሐይቁ እንስራ አይሞላ!»

ልጆች፣ ይህን ስሙ። ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለው ተጠሙ! ውኃው እግራቸው ሥር ይንቦጫቦጫል፤ መጠጣት አይችሉም። ሕፃናት አለቀሱ። ከብቶች ምላሳቸውን አወጡ። ጅራፍ ያዡ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል። አንድ ሽማግሌ መዳፋቸውን ቢያርሱ ያንኑ መዳፋቸውን ተገረፉ። ደግነቱ ጅራፍ ያዡ አርባውን አልጨረሰም!

ያን ጊዜ የንጉሡ አማካሪ ጠጋ አለና በጆሮው ሹክ አለው። ምን ቢለው ጥሩ ነው? ልናገረው እንኳ ይቀፈኛል።

«ሰው እንስካበት» አለው።

ንጉሡ ትንሽ አሰበ። «ማንን?»

«ቢሞት ማንም የማያለቅስለትን።»

መንደሩ በሙሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አማካሪው ተነሣ። «በዚህ መንደር ቢሞት ማንም የማያለቅስለት ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ቆይቶ አንዱ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። «እማማ ስንዱ ናቸው። ልጃቸው ሞቷል። ምራታቸውም ሰባት ዓመት አናግራቸው አታውቅም።»

ይህን ያለውን ሰው ስሙን አልነግራችሁም። ልጆቹ እንዳያፍሩ ነው።

እማማ ስንዱ ቀስ ብለው ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እውነቱን ነው» አሉ። «እኔ የሚያለቅስልኝ የለኝም።» ከዚያ ወደ መንጠቆው መሄድ ጀመሩ። ራሳቸው በገመዱት ገመድ ሊታሰሩ!

ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ቅርጫት ወደቀ። ትሎች ተበተኑ።

«እኔ አለቅሳለሁ!»

ማን ነው የጮኸው? ትርንጎ! ሰው ሁሉ ዞረ። እማማ ስንዱም ዞሩ። ከሁሉ የደነገጠችው ግን ራሷ ትርንጎ ነበረች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይህን ያህል ዘመን በደረቷ ውስጥ ያለውን ነገር ያወቀችው ሲወጣ ነው።

«እኔ አለቅሳለሁ!» አለች እንደገና። «አሁንም እያለቀስኩ ነው፣ ጃንሆይ! ይዩኝ!»

ንጉሡ ተናደደ። «እንግዲያው ሌላ ነገር አምጪ። ነገ ፀሐይዋ አናት ላይ እስክትደርስ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ። ካጣሽ ግን ሁለታችሁም መንጠቆው ላይ ናችሁ። አንዳችሁ ለአንዳችሁ አልቅሱ!»

ትርንጎ ሮጣ ወደ ጭቃዋ ሄደች። ሌላ የምታውቀው ነገር የላትም። ቆፈረች። ምንም አላገኘችም። ደግማ ቆፈረች። ምንም የለም። ሦስተኛ ጊዜ መቆፈሪያዋን ስታነሣ ከጭቃው ውስጥ ድምፅ ወጣ።

«ኧረ ቀስ! ወገቤን ልትቆርጪኝ ነው!»

ትርንጎ መቆፈሪያዋን ጥላ ኡኡ አለች። አንድ ወፍራም ትል ከጭቃው ብቅ ብሎ ቆሟል። ትል ተናገረ! ዓሣ ካወጀ ትል ቢናገር ምን ይገርማል ትሉ ይሆናል። እሷ ግን ደነገጠች፤ እናንተም ብትሆኑ ትደነግጣላችሁ።

«እኔ የትሎች አለቃ ነኝ» አለ ትሉ። «ሰባት ዓመት ስትቆፍሪ አንዳችንንም በመቆፈሪያ ቆርጠሽ አታውቂም። በእጅሽ ነው የምትለቅሚን። ስለዚህ ሦስት ነገር እነግርሻለሁ። አንደኛ፣ አምባዛ ዓይኑ ትንሽ ነው፤ የከፋይ ልብስ አያይም። ሁለተኛ፣ የሚያየው በጢሙ ነው፤ ጢሙ ደግሞ ሽታ ነው የሚፈልገው። የሚገማ ነገር ስጪው!»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛ፣ እኛን ተይን! ትልስ ሰልችቶታል» አለና ጭቃው ውስጥ ገባ።

ትርንጎ በመንደሩ ዞረች። ከአንዱ ቤት የጠላ አተላ ለመነች። ከሌላው ቤት ያደረ የዶሮ አንጀት ለመነች። ከሦስተኛው ቤት የገማ እንቁላል ለመነች። ይህን የከለከላት ሰው የለም፤ እንዲያውም «ቶሎ ውሰጂልን» አሏት። ሁሉንም በትልቅ ገበቴ ውስጥ ገለበጠችና ማቡካት ጀመረች። ሽታው! ኧረ እንዴት እንደሚሸት! ድመቷ እንኳ ቤቱን ለቃ ወጣች።

እማማ ስንዱ ግን አልወጡም። አጠገቧ ተቀመጡ። አፍንጫቸውንም አልያዙም። ገበቴውን ያዙላትና፣

«ስንት ጉርሻ ልታደርጊው ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አንድ ትልቅ አደርገዋለሁ» አለች ትርንጎ።

አንድ ስትል እጇ ቆመ።

አንድ። አምባዛው ምን ነበር የሚለው? «አንድ አጎረሱኝና ዝም አሉኝ!» በመጀመሪያ ቀን እንዲህ አለ። በሁለተኛው ቀን እንዲህ አለ። በሦስተኛውም ቀን እንዲህ አለ። ትርንጎ ይህን ቃል ታውቀዋለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ልቧ ሲለው የኖረ ቃል ነው!

«እማማ» አለች። «ይህ ዓሣ አልራበውም። ተቀይሟል! በየቀኑ አንድ አጉርሰውት ይሄዳሉ። የዛሬ ጉርሻ ደግሞ ከነገ ጉርሻ ጋር አይደመርም።»

እማማ ስንዱ ቀና ብለው አዩአት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

ትርንጎ ሊጡን ለሦስት ከፈለችው። እያንዳንዱን በትልቅ ቂጣ ጠቀለለችው።

«ገመድ ልስጥሽ?» አሉ እማማ ስንዱ።

«አይ፣ እማማ። በገመድ ማንም አያጎርስም።»

በማግሥቱ ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ስትል ትርንጎ ገበቴዋን ተሸክማ መጣች። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። ንጉሡ በካባው ጫፍ አፍንጫውን አፈነ። አማካሪው ሊያስመልሰው ደረሰ። እሰይ፣ ይበለው!

«መንጠቆው ላይ ስኪው!» አለ ንጉሡ።

«በመንጠቆ የሚያጎርስ ሰው አይተው ያውቃሉ፣ ጃንሆይ?» አለች ትርንጎ። ይህን ብላ ውኃው ውስጥ ገባች። እስከ ጉልበቷ። እስከ ወገቧ። እስከ ደረቷ። ገበቴው በፊቷ ይንሳፈፋል። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ።

ሽታው ውኃው ላይ ተዘረጋ። ቆይቶ አንድ ጢም ብቅ አለ። ሌላ ጢም ብቅ አለ። ጢሞቹ እየተሳቡ መጡና ፊቷን ዳሰሱት! ትርንጎ ዓይኗን ጨፈነች። ግን አልሸሸችም።

«እንደምን ዋልክ፣ አያ አምባዛ?» አለች።

ያ የጎጆ በር የሚያክል አፍ ተከፈተ። ትርንጎ አንደኛውን ጉርሻ በሁለት እጇ አንሥታ አጎረሰችው። አምባዛው ዋጠ። ከሆዱ ውስጥ ድም! ድም! ድም! «አዋጅ! አንድ አጎረሰች...»

«በሞቴ!» አለች ትርንጎ። «አንድ ያጣላል!» ሁለተኛውን አጎረሰችው።

ነጋሪቱ ዝም አለ። አምባዛው ዋጠ። ትንንሾቹ ዓይኖቹ ተርገበገቡ። እንዲህ ያለው ሰው ኖሮ አያውቅማ!

«በቃኝ» አለ በለስላሳ ድምፅ።

«አፈር ስሆን! ይህቺን ብቻ!» አለች ትርንጎ። ሦስተኛውን ይዛ እጇን እስከ ክንዷ አፉ ውስጥ ከተተችው! አምባዛው አፉን ገጠመ!

ሕዝቡ ጮኸ። እማማ ስንዱ «ልጄን!» ብለው ውኃው ውስጥ ዘለው ገቡ። ልጄን! ሰማችሁ? ምራቴን አላሉም።

ትርንጎ ግን አልጮኸችም። «አያ አምባዛ፣ ያጎረሰ እጅ ይነከሳል እንዴ?» አለችው።

አምባዛው አፈረ። አፉን ቀስ ብሎ ከፈተ። እጇ ወጣ። አንድ ጭረት አልነበረበትም።

ትርንጎ ግን አልጨረሰችም። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አሁን እንዲህ ጎርሰህ ዝም ልትለኝ ነው? በእኛ አገር የጎረሰ ያጎርሳል። ለዚያውም አንድ አይደለም!»

አምባዛው ይህን ሲሰማ ይብስ አፈረ። ጢሙን ሰበሰበ፣ ሆዱን ነፋ፣ ኧህ አለ። የማሩ ጋን ወጣ! ውስጡ ተልሶ ንጹሕ ሆኗል። ደግሞ ኧህ አለ። ሰንጋው ወጣ! ከነሕይወቱ! የከፋይ ልብሱን እንደለበሰ «እምቧ!» እያለ ወደ ዳር ዋኘ። ሦስተኛ ጊዜ ኧህ አለ። ነጋሪቱ ወጣና ትርንጎ ፊት ተንሳፈፈ!

ከዚያ በኋላ አምባዛው ተመልሶ የሐይቁ ወለል ላይ ተኛ። ቂሙ ወጥቶለታል፤ ምን ቀረው?

«ነጋሪቴን! ነጋሪቴን!» እያለ ንጉሡ ሮጠ። ትርንጎ ግን ቀደመችው። ነጋሪቱን ዳር አወጣችና በእጇ መታችው። ድም! ድም! ድም! ንጉሡ ባለበት ቀጥ አለ። ጅራፍ ያዡም ጆሮውን አቀና።

«አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! አንደኛ! ከዛሬ ጀምሮ ታንኳው ይንሳፈፍ፣ ዓሣው ይጠመድ፣ እንስራው ይሞላ!»

ሰው ሁሉ ውኃው ላይ በደረቱ ተኝቶ ጠጣ። መዳፋቸውን የተገረፉት ሽማግሌ ከሁሉ ቀድመው ነው የጠጡት።

«ሁለተኛ! ከዛሬ ጀምሮ ሰው መንጠቆ ላይ አይሰካ! የማይለቀስለት ሰው የለም!»

ዋርካው ሥር ያን ክፉ ቃል የተናገረው ሰው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«ሦስተኛ! ንጉሡና አማካሪው ለአምባዛ የሚሆነውን መምረጥ ስላላወቁ ሰባት ቀን ትል ይቆፍሩ! በእጃቸው!»

«እምቢ!» አለ ንጉሡ።

ጅራፍ ያዡ ጅራፉን ፈታና እጅ ነሣ። «ይቅርታዎን፣ ጃንሆይ። ነጋሪት ያለው ቃል አይታጠፍም። ንጉሥ እንኳ ቢሆን።»

ንጉሡ ወደ ጅራፉ አየ። ወደ ጭቃው አየ። ካባውን አወለቀና ተንበርክኮ መቆፈር ጀመረ። ገና አንድ እጅ ጭቃ ሳይዝቅ ከጭቃው ውስጥ «ኧረ ቀስ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ በጀርባው ወደቀ! እሰይ! እሱም ይደንግጥ እንጂ፣ እኛ ብቻ ነን የምንደነግጥ?

በስምንተኛው ቀን ትርንጎ ነጋሪቱን መለሰችለት። ነገር ግን ንጉሡ ከዚያ በኋላ ዱላውን ሲያነሣ ጣቶቹን ያያል። ጥፍሮቹ ሥር የገባው ጭቃ ታጥቦ አልጠራም። አይቶም ብዙ ጊዜ ዱላውን መልሶ ያስቀምጠዋል።

ነጋሪቱ የወጣ ዕለት ትርንጎና እማማ ስንዱ ቤታቸው ገቡ። ልብሳቸው ርጥብ ነው። ገበታ ቀረበ። ሁለቱም ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ እንደ ሁልጊዜው ዝም አሉ። ትርንጎ እጇን ወደ ገበታው ስትሰድ እማማ ስንዱ «ቆይ» አሏት።

ጠቀለሉ። ገመድ እንደሚገምዱ ጥብቅ አድርገው!

«አፍሽን ክፈቺ» አሉ። «ሁለተኛው ነው። ነፋሱ ወሰደብኝ፣ ልጄ። ትጠይቀኛለች እያልኩ ሰባት ዓመት ቆየሁ።»

ትርንጎ አፏን ከፈተች። ጎረሰች። እንባዋ ከጉርሻው ጋር አብሮ ገባ።

እማማ ስንዱ ሦስተኛውን ጠቀለሉ። «ይህኛው ደግሞ ስላለቀስሽልኝ ነው» አሉ።

ትርንጎ ዋጠችና እሷም በተራዋ ጠቀለለች። እማማ ስንዱ «በቃኝ! በቃኝ!» እያሉ ሦስቱንም ጎረሱ። በዚያች ቤት ከዚያ በኋላ ወሬው አያልቅም ነበር። እንዲያውም ጎረቤት «ኧረ ዝም በሉ፣ አስተኙን!» ይል ነበር ይባላል።

ልጆቼ፣ የዚህ ተረት ምክሩ ይህ ነው። ለሌላው ስትሰጡ እናንተ የምትወዱትን ሳይሆን እሱ የሚወደውን ስጡት፤ ለአምባዛ አተላ ከሰንጋ ይበልጣል። የተቀየማችሁት ሰው ካለም ሰባት ዓመት አትጠብቁ። ዛሬውኑ ሄዳችሁ «ሁለተኛው የት ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ግን አደራ! በአንድ ጉርሻ ብቻ እንዳታስቀሩኝ፤ እጣላችኋለሁ!